መርከቡ ኔዘርላንድስ ሲያርፍ፦ ቦዮቹና የውሃ ዳር መንደሮቹ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሜን አውሮፓን በመርከብ የሚዞሩ አንባቢዎቻችን እየበዙ ነው። ከሚደርሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሱት አንድ ጉዳይ ነው፦ መርከቡ ጠዋት ደርሶ ወደ ማታ ይነሳል፣ በመሃል ያለችው ሰዓት በምን ትዋል? የዛሬውን አምድ ለኔዘርላንድስ ሰጥተነዋል። አስቀድመን አንድ ነገር እናሳስብ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ሰዓቶች በባቡር ጣቢያና በመርከብ ሰሌዳ ላይ እንደሚታዩት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ናቸው። 17፡00 በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ዓመቶቹና ወሮቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከብሪታንያ የተነሳ መርከብ ደግሞ አንዳንዴ የራሱን ሰዓት ሳይቀይር ይቆያል፤ ኔዘርላንድስ ከብሪታንያ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ከመርከቡ ሳትወርዱ «የመመለሻው ሰዓት በመርከቡ ነው በአገሩ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከእናቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር አምስተርዳም እንገባለን። መርከቡ 8፡00 ደርሶ 17፡00 ይነሳል። መኪና የማይገባባት፣ ቤቶቿ በውሃ የተከበቡ ጊትሆርን የምትባል መንደር በፎቶ አይተን ልባችን ሄዷል። እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ደርሰን መመለስ እንችላለን? የአምስተርዳምንም ቦዮች ማየት እንፈልጋለን። (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ጊትሆርንን ለሌላ ጊዜ ያቆዩዋት። ከአምስተርዳም ወደ 120 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። እስከ ስቴንቬይክ በባቡር፣ ከዚያ በ70 ቁጥር አውቶቡስ ነው የሚኬደው፤ ሁለቱ ሳይተላለፉ ቢገናኙ እንኳ መሄጃው ብቻ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አንድ ባቡር ከተሰረዘ የቀኑ ሒሳብ ይፈርሳል።

ዘጠኝ ሰዓት አለን ሲሉ በእጅዎ ያለው ቢበዛ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። መርከቡ 8፡00 ላይ ቢታሰርም ሰው መውረድ የሚጀምረው የወደቡ ፈቃድ ሲሰጥ ነው፣ በር ላይ ሰልፍ አለ፣ ከአረጋዊ ጋር ደግሞ ቀስ ይባላል። 9፡00 ብለው ይያዙት። መመለሻውም 17፡00 አይደለም። ተሳፋሪ ሁሉ ተጠቃሎ የሚገባበት ሰዓት ማታ ማታ ካቢናችሁ በሚደርሰው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ከመነሻው ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ይቀድማል። ከእሱ ላይ ደግሞ ለድንገተኛ ነገር አንድ ሰዓት ይቀንሱ። መርከቡ የሚጠብቀው በራሱ ጉብኝት የወጡትን ነው፤ በግሉ የሄደ ሰው ከዘገየ መርከቡ ጥሎት ይሄዳል።

በፎቶው የወደዱት ነገር፣ ማለትም ቦይ፣ ተነሺ ድልድይና የእንጨት ቤት፣ ከአምስተርዳም በስተሰሜን ዋተርላንድ በሚባለው አካባቢ በግማሽ ሰዓት መንገድ ይገኛል። ለእናትዎ ጉልበት የምንመርጠው ኤዳምና ቮለንዳምን ነው፤ ሁለቱም ሜዳ ናቸው፣ ሁለቱንም 316 ቁጥር አውቶቡስ ያገናኛቸዋል።

የጉዞው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መርከቦች የሚቆሙበት የከተማው የመንገደኞች ተርሚናል ከማዕከላዊ ባቡር ጣቢያው በስተምሥራቅ ነው። በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ያስኬዳል፣ በ26 ቁጥር ትራም ግን አንድ ፌርማታ ብቻ ነው፤ ከእናትዎ ጋር ትራሙን ይያዙ። የአውቶቡሶቹ መናኸሪያ ከጣቢያው ጀርባ፣ አይ በተባለው ሰፊ ውሃ በኩል ፎቁ ላይ ነው። ብዙ ሰው ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ሲፈልግ ጊዜውን ይጨርሳል። ወደ ላይ የሚያወጣ አሳንሰር አለ።

መጀመሪያ ኤዳም ይውረዱ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ወደ መሃል ከተማው ጥቂት ደቂቃ በእግር ነው። ሰው አይበዛባትም፣ ቦዮቿ ጠባብ ናቸው፣ ከ1778 ጀምሮ የቆመው የአይብ መመዘኛ ቤትም አለ። በሐምሌና በነሐሴ ረቡዕ ጠዋት ከሆነ የአይብ ገበያው ይገጥማችኋል። አንድ ሰዓት ይበቃታል። ከዚያ ወደ ቮለንዳም ተመለሱ። ወደቡ ዳር ደርሳችሁ ግድቡ ላይ ስትቆሙ በአንድ በኩል የማርከር ሐይቅ ውሃ፣ በሌላ በኩል ከግድቡ ራስ ጋር እኩል የሆነ የቤት ጣሪያ ታያላችሁ። ከግድቡ ጀርባ ወርዳችሁ ዶልሆፍ በሚባለው አሮጌ ሰፈር አሥር ደቂቃ ብትሄዱ ከመታሰቢያ ዕቃ ሱቆቹ ግርግር ትርቃላችሁ፤ የቮለንዳም ደጉ ክፍል ይኸኛው ነው። 12፡30 ላይ አውቶቡስ ከያዛችሁ ከ13፡15 በፊት አምስተርዳም ናችሁ። የቦይ ጀልባዎቹ ከጣቢያው ፊት ለፊት ስለሚነሱ የአንድ ሰዓት ጉዞ አድርጋችሁ 15፡00 ላይ ወደ መርከቡ መዞር ትችላላችሁ።

ከተማውን ወደ ኋላ፣ መንደሩን ወደ ፊት ያደረግነው በምክንያት ነው። አውቶቡስ ቢዘገይ ወይም ልጅ ቢታመም የሚቀርባችሁ የቦይ ጉዞው ይሆናል። ሩቁን ከሰዓት በኋላ ካደረጋችሁት ግን የሚቀርባችሁ መርከቡ ነው።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ግሪን ካርድ አለኝ፣ ፓስፖርቴ ግን የኢትዮጵያ ነው። ከሳውዝሃምፕተን ተነስቶ አምስተርዳምና ቤልጅየም ደርሶ የሚመለስ መርከብ ላይ ቦታ ይዘናል። ለጥቂት ሰዓት ስለምወርድ ቪዛ አያስፈልገኝም ብለውኛል። እውነት ነው? (ከአትላንታ)

መልስ፦ እውነት አይደለም፤ ቶሎ ያስቡበት። ግሪን ካርድ የሸንገን ቪዛን፣ ማለትም የአብዛኞቹን የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ አይተካም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ኔዘርላንድስ ምድር ላይ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ለመውረድ የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። የመርከብ ድርጅቶች ደግሞ የሚያጣሩት ወደቡ ላይ ሲደረስ ሳይሆን ገና ሲሳፈሩ ነው፤ ወረቀት የጎደለው ተሳፋሪ ሳውዝሃምፕተን ላይ ሊቀር ይችላል፣ ገንዘቡም እንዲሁ። የገልፍ አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው አንባቢዎችም እንዲሁ ናቸው፤ የዱባይ ወይም የሪያድ ኢቃማ የሚጠቅመው ማመልከቻውን እዚያው ለማስገባት ነው።

ግሪን ካርዱ የሚረዳዎት በሌላ ቦታ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው በአምስተርዳሙ የስኪፖል አየር ማረፊያ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የአየር ማረፊያ መተላለፊያ ቪዛ ይጠየቃል፤ የጸና ግሪን ካርድ ያለው ግን ከዚህ ነጻ ነው። ይህንን ሰምተው «ግሪን ካርድ ይበቃል» የሚሉ ብዙ ናቸው፣ ስህተቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

የብሪታንያው ፈቃድ ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሸንገን እዚያ አይሠራም። መርከቡ በመካከል ከሸንገን ወጥቶ የሚመለስ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከአምስተርዳም ወደ ብሪታንያዋ ዶቨር፣ ከዶቨር ፈረንሳይ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልጋል፤ የአውሮፓ ኅብረት ግን በሚያዝያ 2024 ለኢትዮጵያ ዜጎች ይህን ቪዛ መስጠትን ስላገደ አስቀድመው ኤምባሲውን ይጠይቁ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባው በመጀመሪያው መውጫ ያበቃል። ማመልከቻውን ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ይቀበላሉ፣ ከ15 ቀን ያነሰ ሲቀር ግን ረፍዷል፤ በዚያው የ2024 ውሳኔ ለኢትዮጵያ ዜጎች መልሱ እስከ 45 ቀን ሊወስድ ስለሚችል ቀደም ይበሉ፤ የአዋቂ ክፍያ 90 ዩሮ ነው፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ዋስትናም ይጠየቃል። የሚያመለክቱት ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ነው፤ ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለሚገቡበት። የመርከቡን ሙሉ የጉዞ መርሐ ግብር፣ ወደቦቹንና ሰዓቶቹን የያዘውን፣ አያይዙ።

የአሜሪካ ዜግነት ያላቸው የቤተሰብዎ አባላት ለሸንገን ቪዛ አያሻቸውም፤ ለሳውዝሃምፕተኑ ግን የብሪታንያውን የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ አስቀድመው በኢንተርኔት ማውጣት አለባቸው።

ጥያቄ፦ ቲኬታችን ላይ አምስተርዳም ይላል፤ አሁን ግን መርከቡ ሮተርዳም እንደሚቆም ኢሜይል ደረሰን። ተበሳጭተናል። በባቡር አምስተርዳም ሄደን እንመለስ ወይስ ሌላ የሚታይ አለ? (ከለንደን)

መልስ፦ አምስተርዳም የባሕር መርከቦችን ቁጥር እየቀነሰች ነው። ከ2026 ጀምሮ በዓመት የምትቀበለው ቢበዛ 100 ነው፤ ከዚያ በፊት ጣሪያው 190 ነበር። ስለዚህ ብዙ መርከቦች ወደ ሮተርዳም ይዞራሉ። «አምስተርዳም» ተብሎ አይማውደን ላይ የሚቆምም አለ፤ እሱ ባሕሩ ዳር ነው፣ ከከተማው ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ባቡርም የለውም። አይማውደን ከሆነ የመርከቡን ማመላለሻ አውቶቡስ ዋጋና የመጨረሻ መመለሻውን ሳታውቁ አትውረዱ።

ሮተርዳም ግን ብስጭት አያሻውም። ፈጣኑ ባቡር ከሮተርዳም አምስተርዳም 40 ደቂቃ ያህል ነው፤ ከመርከቡ እስከ ጣቢያው፣ ከጣቢያው እስከ ቦዮቹ ሲደመር ግን ደርሶ መልሱ ከሦስት ሰዓት የሚያንስ አይሆንም። ዐሥር ሰዓት ካላችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ካነሰ የንፋስ ወፍጮዎች ወዳሉበት ወደ ኪንደርዳይክ ሂዱ፤ የእኛ ምርጫ በሁለቱም ሁኔታ ኪንደርዳይክ ነው።

መርከቡ የሚቆመው ቪልሄልሚና በሚባለው የወደብ ምላስ ላይ ነው። የኤራስመስን ድልድይ በእግር ተሻግራችሁ ከማዶ በግራ በኩል የውሃ አውቶቡስ ማቆሚያውን ታገኛላችሁ፤ ሩብ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። የውሃ አውቶቡስ እንደ ማንኛውም የሕዝብ ማመላለሻ በባንክ ካርድ የሚከፈልበት ፈጣን ጀልባ ነው። ስትሳፈሩ «ቀጥታ ኪንደርዳይክ ነው ወይስ እንቀይራለን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እንደ ወቅቱ ይለያያል። የመመለሻውን ሰዓት ማቆሚያው ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የኪንደርዳይክ ችግር የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሰው አንዱን ጀልባ ሲጠብቅ ነው፤ ጀልባው ከሞላ የቀረው ቀጣዩን ይጠብቃል።

ኪንደርዳይክ ላይ 19 የንፋስ ወፍጮዎች አሉ፤ በ1997 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። አብዛኞቹ የተሠሩት በ1738 እና በ1740 ነው። እህል አይፈጩም፤ ሥራቸው ዝቅ ካለው መሬት ውሃ እየቀዱ ከፍ ወዳለው ቦይ ማንሳት ነበር። በቦዩ መካከል በሚያልፈው መንገድ ላይ ስትሄዱ በአንድ ወገን ክብ የጡብ ወፍጮዎች፣ በሌላው ወገን ስምንት ማዕዘን ያላቸው የሣር ክዳን ወፍጮዎች ተሰልፈው ታያላችሁ፤ የሁለት የተለያዩ የውሃ ማኅበራት ንብረት ስለነበሩ ነው የማይመሳሰሉት። ክንፎቹ የሚዞሩት ከፊት ለሚያይ ሰው ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ነው። ቆመው ካገኛችኋቸው የላይኛውን ክንፍ ተመልከቱ፦ ወደ ቀጥታው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከቆመ የደስታ ምልክት ነው፣ ቀጥታውን ጥቂት አልፎ ከቆመ ሐዘን ነው።

መንገዱን መሄድ በነጻ ነው፤ ቲኬት የሚያስፈልገው ለሙዚየም ወፍጮዎቹና ለቦይ ጀልባው ነው። ውስጥ ስትገቡ ደረጃው መሰላል ማለት ይቀላል፤ በሁለት እጅ ያዙ፣ ስትወርዱ ፊታችሁን ወደ ደረጃው አድርጉ። ሌሎቹ ወፍጮዎች ውስጥ እስከ ዛሬ ቤተሰብ ይኖርባቸዋል፣ አጥራቸውን አትለፉ። ዛፍ የለበትምና ንፋሱ ኃይለኛ ነው፤ ጃንጥላ ይገለብጣል፣ ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የአምስተርዳም የቦይ ጀልባዎች ብዛታቸው ግራ ያጋባል። የትኛው ይሻላል? የት ልቀመጥ? ራሴ ተከራይቼስ መንዳት እችላለሁ? (ከቶሮንቶ)

መልስ፦ ትልቁ ባለመስታወት ጀልባ በዝናብና በብርድ ቀን፣ ከሽማግሌና ከሕፃን ጋር ይመረጣል። ትንሹ ክፍት ጀልባ ሰው ጥቂት ስለሚይዝ ጠባቦቹን ቦዮች ይደርሳል፣ ነጂውም ጥያቄ ይመልሳል። ዋጋው ለአንድ ሰዓት ከ15 እስከ 25 ዩሮ መካከል ያሉት ብዙ ናቸው። «ያልተገደበ መጠጥ» የሚሉትን ይለፏቸው፤ ቤቶቹን ለማየት የመጣ ሰው እዚያ አይረካም።

ጀልባዎች ቀኛቸውን ይዘው ነው የሚሄዱት። ስለዚህ በቀኝ የተቀመጠ ሰው ግንብና የመኪና ጎማ ያያል፣ በግራ የተቀመጠ ደግሞ የማዶውን ቤት ከውሃው እስከ ጣሪያው ሙሉውን ያያል። በባለመስታወቱ ጀልባ ውስጥ የሚከፈት መስኮት ያለበትን ወንበር ወይም ክፍት የሆነውን የኋላ ጫፍ ይያዙ፤ በመስታወት ያነሱት ፎቶ የራስዎን ፊት ያሳያል።

ቀና ብለው የቤቶቹን ጫፍ ይመልከቱ። አብዛኞቹ ላይ ወደ ፊት የወጣ ግንድ ከነመንጠቆው አለ። ቤቶቹ ጠባብ፣ ደረጃቸውም ጥምዝምዝ ስለሆነ ዕቃ የሚገባው በገመድ ተጎትቶ በመስኮት ነው፤ ብዙዎቹ ግንቦች ወደ ፊት ያዘነበሉትም ዕቃው ሲወጣ ግድግዳውን እንዳይገጭ ነው። ዛሬም አልጋና ሶፋ በዚያው መንገድ ሲገባ ይታያል።

በእግር ሲዞሩ እንዳይጠፉ ይህን ይያዙ። ከመሃል ወደ ውጭ ሲቆጠር ሲንግል፣ ሄረንግራኽት፣ ካይዘርስግራኽት፣ ፕሪንሰንግራኽት ናቸው። ከሲንግል ውጭ ያሉት ሦስቱ በ17ኛው መቶ ዘመን የተቆፈሩት ናቸው፣ በ2010 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። የቤት ቁጥሩ ከሰሜን ምዕራብ ጫፍ ጀምሮ ወደ አምስተል ወንዝ እየጨመረ ይሄዳል፤ ጎዶሎ ቁጥር ያለው ወገን የከተማው መሃል ወገን ነው። ፕሪንሰንግራኽት 263 ያለውን፣ አይሁዳዊቷ ልጅ አን ፍራንክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተደበቀችበትን ቤት ማየት የሚፈልግ በር ላይ ቲኬት አያገኝም፤ የሚሸጠው በኢንተርኔት ብቻ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ከስድስት ሳምንት በኋላ ላለው ጉብኝት ነው።

ራስን ችሎ መንዳቱ ይፈቀዳል። ከ15 ሜትር ያጠረና በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የማይሄድ ጀልባ መንጃ ፈቃድ አይጠይቅም። የከተማው ፍጥነት በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቀኝ ይያዛል፣ ለትልልቆቹ ጀልባዎች ይለቀቃል፣ ድልድይ ሥር አይቆምም፣ ከጣቢያው ጀርባ አይ ወደተባለው ሰፊ ውሃ አይወጣም፤ እዚያ የሚመላለሰው ትልቅ መርከብ ነው። መርከብ ለሚጠብቀው ሰው ግን አንመክርም። ልምድ የሌለው ሰው ጠባብ መታጠፊያ ላይ ሩብ ሰዓት ሲንገታገት ይቆያል፣ ለዘገየም ቅጣት አለ።

ጥያቄ፦ ባለፈው በጋ አምስተርዳም ውስጥ ባቡርና አውቶቡስ በባንክ ካርዴ ከፍዬ ነበር። በኋላ ሳይ ለአንድ አጭር የባቡር ጉዞ 20 ዩሮ ተቆርጦብኛል። ምን አጠፋሁ? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ሲወጡ ካርድዎን ማሽኑ ላይ አላስነኩም፣ ወይም ያስነኩት ሌላ ካርድ ነው። ሲወጡ ላላስነካ ሰው የሚቆረጠው ለባቡር 20 ዩሮ፣ ለአውቶቡስ፣ ለትራምና ለሜትሮ 4 ዩሮ ነው። ካስነኩ ትክክለኛው ሒሳብ ብቻ ይቆረጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በካርድ ገብቶ በስልክ ሲወጣ ነው። ሁለቱ አንድ ሒሳብ ላይ ቢሆኑም ማሽኑ የሚያያቸው እንደ ሁለት ሰው ነው። በአንድ ካርድ ሁለት ሰው ማስገባትም አይቻልም፤ ለየሰዉ የየራሱ ካርድ ያስፈልጋል። መዝጊያ በር በሌላቸው ትንንሽ ጣቢያዎች፣ ለምሳሌ ወደ ዛንሰ ስኻንስ ወፍጮዎች በሚወረድበት በዛንዳይክ፣ ማሽኑ መድረኩ ላይ የቆመ ምሰሶ ነው፣ ሳያዩት ያልፋሉ። የተቆረጠውን በካርድ ክፍያ ሥርዓቱ፣ በኦቪፔይ፣ ድረ ገጽ ጉዞውን ፈልገው መውጫዎን በማስመዝገብ መጠየቅ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የምንደርሰው ፍልሰታ ላይ ነው። የጾም ምን እናገኛለን? (ከስቶክሆልም)

መልስ፦ «ቬጋን» የሚል ምልክት ፈልጉ፤ ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ የለበትም ማለት ነው። «ቬጀቴሪያን» ግን አይብና እንቁላል ሊኖርበት ይችላል። የመንገድ ዳር ድንች ጥብስ ጾም ይመስላል፤ አንዳንዱ ቤት ግን በበሬ ስብ ነው የሚጠብሰው፣ ማዮኔዙም እንቁላል አለው። «በአትክልት ዘይት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በሽሮፕ የተጣበቀው ቀጭን ብስኩት፣ ስትሮፕዋፍል፣ ቅቤ አለበት። የሱሪናም ምግብ ቤቶች ሮቲ ከድንችና ከረጃጅም ፎሶሊያ ጋር ያቀርባሉ፤ ያለ እንቁላልና ያለ ሥጋ ብላችሁ ካዘዛችሁ ከሁሉም የሚያጠግበው እሱ ነው። ዓሣ የምትበሉ ከሆናችሁ ኪብሊንግ የሚባለው የዓሣ ጥብስ በሊጥ የተለወሰ ስለሆነ ወተት መኖር አለመኖሩን አጣሩ። ሄሪንጉ ሳይበስል በጨው ብቻ ተዘጋጅቶ በሽንኩርት ይቀርባል። ጾም ባይሆንም ልትጠነቀቁበት የሚገባው የአተር ሾርባው ነው፤ የአሳማ ሥጋ ይገባበታል።

ጥያቄ፦ የውሃ ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ከተማው በውሃ ላይ ቆሞ የማይሰምጠው እንዴት ነው? የቦዮቹ ውሃስ ለምን አይሸትም? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አሮጌዎቹ ቤቶች የቆሙት ለስላሳውን አተላ መሬት አልፎ ጠንካራው አሸዋ ላይ በተተከለ የእንጨት ግንድ ላይ ነው። ዳም አደባባይ ያለው ቤተ መንግሥት ብቻ 13,659 ግንዶች ሥሩ እንዳሉ ይነገራል። እንጨት ውሃ ውስጥ እስካለ አየር ስለማያገኘው ዘመናት ይቆያል፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወርዶ ራሱ ለአየር ከተጋለጠ ግን ይበሰብሳል። ስለዚህ የቦዮቹ ከፍታ ዓመቱን ሙሉ ከአምስተርዳም የከፍታ መለኪያ ዜሮ በ40 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲቆይ ይደረጋል። ውሃው እንዳይሸት ደግሞ በአንዳንድ ሌሊቶች የቦዮቹን በሮች እየዘጉ ከምሥራቅ በኩል ንጹሕ ውሃ ያስገባሉ፣ አሮጌው በምዕራብ ወደ ሰሜን ባሕር ቦይ ይወጣል።

ገጠሩ ላይ ችግሩ ይጠነክራል። መሬቱ ከበሰበሰ ዕፅዋት የተሠራ ነው። ለእርሻ ውሃውን ሲያንጠፈጥፉት ይደርቃል፣ አየር ሲገባው እየበሰበሰ ይመናመናል፣ ይሰምጣል፤ ሲሰምጥ እንደገና መቅዳት ይጠይቃል። ንፋስ ወፍጮው የመጣው ለዚህ ነው። ከኤዳም ብዙ የማይርቀው ቤምስተር ሐይቅ ነበር፤ በ43 ወፍጮዎች ተቀድቶ በ1612 እርሻ ሆነ። ዛሬ ሥራው የሞተር ነው፣ አልቆመም።

አምስተርዳም ብትደርስ ዋተርሎፕላይን ያለውን የከተማውን አዳራሽ ግባ። መለኪያው ዜሮ እዚያ በነሐስ ተተክሏል፤ በአጠገቡ ባሉ የመስታወት ቱቦዎች ውስጥ የሰሜን ባሕር ወቅታዊ ከፍታ ይታያል። አንዱ ቱቦ የ1953ቱን ጎርፍ ከፍታ፣ 4.55 ሜትር፣ ከራስህ በላይ ያሳይሃል፤ በዚያ ጎርፍ ኔዘርላንድስ ውስጥ 1,836 ሰው ሞቷል። መግቢያው ነጻ ነው።

ጥያቄ፦ ወደ አምስተርዳም የሚገባው መርከብ ቦይ ውስጥ ያልፋል ይባላል። ለማየት መንቃት ያዋጣል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እጅግ ያዋጣል። አይማውደን ላይ መርከቡ የባሕሩ በር ውስጥ ይገባል፣ በስተኋላው ይዘጋበታል፣ የውሃው ከፍታ ሲስተካከል የፊቱ ይከፈታል። በ2022 የተከፈተው በር 500 ሜትር ርዝመት፣ 70 ሜትር ስፋትና 18 ሜትር ጥልቀት ያለው የዓለም ትልቁ የባሕር መርከብ በር ነው። መዝጊያው እንደ ቤት በር አይከፈትም፤ ከጎን እየተንሸራተተ ይመጣል። ከዚያ በ1876 በተከፈተው የሰሜን ባሕር ቦይ ሁለት ሰዓት ገደማ እየተንፏቀቀ ይሄዳል። 8፡00 የሚደርስ መርከብ ከሆነ 5፡00 ላይ ተነሱ፤ በክረምት ጨለማ ነው፣ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ግን ብርሃን ይኖራል። ከፊት ለፊት ያለው ክፍት መድረክ ይሻላል፣ ወፍራም ልብስ ያዙ።

ጥያቄ፦ ማርከንንና ቮለንዳምን በጀልባ ማገናኘት ይቻላል? ከየትኛው ልጀምር? (ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ ከማርከን ይጀምሩ። በ315 ቁጥር አውቶቡስ ማርከን ይሂዱ፣ በጀልባ ግማሽ ሰዓት ያህል ተሻግረው ቮለንዳም ይውረዱ፣ በ316 ይመለሱ። ጀልባው የሚሠራው በግምት ከመጋቢት እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው። በኃይለኛ ንፋስ ቢቆም 315ን ይዘው በመጡበት ይመለሳሉ፤ ስለዚህ ማርከን እንደደረሱ መጀመሪያ ወደቡ ሄደው የዕለቱን ሰዓት ይዩ፣ ከዚያ ይዙሩ። ማርከን እስከ 1957 ደሴት ነበረች። ቤቶቹ ጎርፍ ሥራቸውን አልፎ እንዲሄድ በእንጨት እግር ላይ ከፍ ብለው የተሠሩ ናቸው። ባሕሩ በ1932 አፍስላውትዳይክ በተባለው ግድብ ከተዘጋ በኋላ ስጋቱ ስለቀነሰ የብዙዎቹ ሥር ተገጥሞ ክፍል ሆኗል፤ አረንጓዴው ግድግዳ ከታች በኩል የጣውላው መስመር የሚለወጥበትን ቦታ ቢያዩ የድሮው ወለል የት እንደነበር ይለዩታል። መጋረጃ አይዘጉም፤ በመስኮት ማየትና ፎቶ ማንሳት ግን ነውር ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ተርፎኛል፣ መንደር አልደርስም። ከከተማው ሳልወጣ ለኢትዮጵያዊ ትርጉም ያለው ምን አለ? (ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ በቦዩ ዳር ያለውን የዕፅዋት ማሳደጊያ፣ ሆርተስን፣ ይዩ። በ1638 የተመሠረተ ነው። በ1706 ከጃቫ የመጣ የቡና ችግኝ እዚህ ተተክሎ በቀለ፤ ከዘሩ አንዱ በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተሰጠ፣ በላቲን አሜሪካ ከተስፋፋው ቡና ብዙው ከዚያ መስመር የወረደ ነው። መነሻው የእኛው ጫካ የሆነ ተክል ዓለምን የዞረበት አንድ መታጠፊያ ይህ ግቢ ነው፤ ዛሬም የቡና ዛፍ በመስታወት ቤቱ ውስጥ አለ። ከማዕከላዊ ጣቢያ በሜትሮ ሁለተኛው ፌርማታ፣ ዋተርሎፕላይን፣ ይውረዱ፤ ከዚያ በእግር ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ለግቢው አንድ ሰዓት ይበቃል፣ መግቢያ ያስከፍላል፣ ክፍያውም በካርድ ይሁን፤ ጥሬ ገንዘብ የማይቀበሉ ቦታዎች አምስተርዳም ውስጥ ብዙ ናቸው።